ያልሸሹት ከዋክብት

ባለፈው ሳምንት፣ የወንድሜ የደረጀ ሰባተኛ ሙት ዓመት በዋለ በማግስቱ፣ ለሊሴ ቤቴ መጣች። ለሊሴ ደረጀ መቂ ላይ ፊዚክስ ያስተማራት ልጅ ናት፤ ዛሬ እሷም በተራዋ ዩኒቨርሲቲ ታስተምራለች። ዓምና ለሙት ዓመቱ መጥታ ሳለ አልጋዬ ሥር ካለው ሻንጣ አሮጌ ደብተሩን አውጥቼ ባሳያት "እስቲ ረጋ ብዬ ልየው" ብላ ወስዳው ነበር። በር ላይ አቧራዋን አራግፋ፣ "አካም ጅርቱ፣ እማማ?" ብላ ጉንጬን ስማኝ ተቀመጠች። ሻይ ብላት አልፈለገችም። ደብተሩን ከቦርሳዋ አውጥታ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችና "ኮምፒውተሩ እምቢ አለኝ" አለችኝ።

"ምኑን ነው እምቢ ያለሽ?"

"ቀኑን። የቲቸርን ቁጥሮች አንድ በአንድ እያስገባሁ ነበር። አንዱ መስመር ላይ ስደርስ አልቀበልም አለ። ባየው ቀን አራት፣ ወር አሥራ ሦስት ይላል። ፈረንጅ አሥራ ሦስተኛ ወር የለውም እኮ፣ እማማ። ጳጉሜ ናት። ያኔ ስሌቱ የሚፈልገው ዓመቱን ብቻ ስለነበር ማንም ልብ አላላትም።" ደብተሩን ገልጣ መስመሩን በጣቷ አሳየችኝ። "ቲቸር ቁጥር አልፈጠሩም። ቀኑ በእኛ አቆጣጠር ተጽፎ ነው። በቃ፣ ነገሩ ይኸው ነው።"

እልል እንድል ጠብቃ ይሆናል። እኔ ግን የወንበሩን እጀታ ያዝኩ። ወንድሜ ቁጥር ፈጥሮ ጻፈ፣ አጭበረበረ ተብሎ ከትምህርቱ የተባረረ ሰው ነው፤ ይህን ስም ተሸክሞ ኖሮ ይህን ስም እንደተሸከመ ተቀበረ። ለሊሴ አንድ ዓመት ለፍታ የደረሰችበትን ነገር እኔ ከሠላሳ ዓመት በላይ አውቀው ነበር። አውቄ ነው ዝም ያልኩት።

ነገሩ የሆነው አዳማ ናዝሬት በምትባልበት ዘመን ነው። ዛሬ ባጃጅ የሚሰለፍበት ጥግ ያኔ የጋሪ መቆሚያ ነበር። ፈረሶቹ ግንባራቸው ላይ ቀይ ክር ያንጠለጥላሉ፤ ባለጋሪው ሴት ካየ ወንበሩን በክንዱ ጠረግ ያደርጋል። ከባቡር ጣቢያው ወረድ ብሎ ያለው ካሴት ቤት ድምፅ ማጉያውን በሩ ላይ ሰቅሎ ከጠዋት እስከ ማታ ያንኑ አንድ የፍቅር ዘፈን ይደጋግመዋል፤ ሰፈሩ በሙሉ ሳይወድ በግዱ ግጥሙን ሸምድዶታል። ሻይ በአሥር ሳንቲም ነበር፤ ቦምቦሊኖ ከጨመርክበት ስሙኒ። ወንዱ ካኪ ለባሽ ካልሆነ ታች ሰፊ የሆነ የቴትሮን ሱሪ ነው የሚለብሰው፣ መንገዱን እየጠረገበት ይሄዳል። እኔም ብሆን የዋዛ አልነበርኩም። ነጭ ሸሚዝ፣ ፕሊሴ ጉርድ፣ በካውያ የተተኮሰ ጠጉር። የናዝሬት ነፋስ ግን ለካውያ ክብር የለውም፣ ቢሮ እስክደርስ አቧራና ጠጉሬ አንድ ይሆናሉ። አሁን ያ ነፋስ ኮረብታው ላይ በተተከሉት ትልልቅ ማመንጫዎች ተይዞ መብራት ይሆናል ይባላል። እኔ ፊት ላይ እንደሆነ ያው ነው።

የምሠራው ከከተማው ወጣ ብሎ በነበረ ፋብሪካ መዝገብ ቤት ነው። ከውጭ አገር የመለዋወጫ ሻጮች የሚመጣው ደብዳቤ ሁሉ በፈረንጅ ቀን ነው የሚመጣው፤ መዝገቡ ላይ ግን በእኛ ቀን መግባት አለበት። ሌሎቹ ጸሐፊዎች በጣታቸው ይቆጥራሉ፣ ቀን መቁጠሪያ ያገላብጣሉ። እኔ አንዴ አየት ካደረግኩት የእኛው ቀን ከአፌ ይወጣል። የሒሳብ ክፍል ወንዶች ሊፈትኑኝ በመስኮት ብቅ ይሉና "ጁን ሃያ?" ይላሉ። "ሰኔ አሥራ ሦስት።" "ዲሴምበር ሃያ አምስት?" "ታኅሣሥ አሥራ ስድስት፤ አሁን ሂዱና ሥራችሁን ሥሩ።" በዚህች ነገር እኮራ ነበር። ብዙ የሚያኮራ ነገር አልነበረኝም፤ እሷና ደረጀ ነበሩኝ።

ደረጀን ያሳደግኩት እኔ ነኝ። ወላጆቻችን ዓለም ጤና ላይ በተከታታይ ሲሞቱብን እሱ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ይዤው ናዝሬት ገባሁ፤ አስተማርኩት። ለትዳር የጠየቁኝ አንድ ሁለት ሰዎች ልጁን ወደ ዘመድ እንድልከው ቢመክሩኝ እነሱኑ ወደ ዘመዶቻቸው ላክኋቸው። ልጁ አደገና ፊዚክስ ተማረ፤ ጥቂት ዓመት ካስተማረ በኋላ ለሁለተኛ ዲግሪ አዲስ አበባ ገባ። የሚያጠናውን ሲነግረኝ መጀመሪያ የቀለደ መስሎኝ ነበር። ከዋክብት ምን ያህል እንደሚርቁና ወዴት እንደሚሄዱ እለካለሁ አለኝ።

ያስረዳኝ አውቶቡስ ውስጥ ነው። የወላጆቻችንን መቃብር ልናይ ወደ ዓለም ጤና ስንሄድ፣ ሞጆን ካለፍን በኋላ በቀኝ በኩል በመስኮት አሳየኝ። "እትዬ፣ መንገድ ዳር ያለችውን ግራር እያት፤ ሽው ብላ አለፈች። ማዶ ያለው ጎጆ ቀስ ይላል። ዝቋላ ግን አብሮን ይሄዳል። የቅርቡ ይሮጣል፣ የሩቁ ይቆያል። ርቀት የሚለካው በዚህ ነው።"

"ለከዋክብቱስ በየትኛው አውቶቡስ ነው የምትሳፈረው?" አልኩት።

"በምድር ነዋ። መስከረም ላይ ከፀሐይ ወዲህ ነን፣ መጋቢት ላይ ከፀሐይ ወዲያ። በሁለቱም ጊዜ ፎቶ ታነሺውና ኮከቡ ምን ያህል ፈቀቅ እንዳለ ታያለሽ።"

እሱ የያዘው ሥራ በሰማይ ሦስት ሆነው ከተሰለፉት ኮከቦች ሥር ስላለው ጭጋግ የመሰለ ነገር ነበር። እዚያ ውስጥ ከጋዝና ከአቧራ ገና የሚወለዱ ከዋክብት አሉ፤ ብርሃናቸው እኛ ጋ ለመድረስ ከሺህ ዓመት በላይ ይፈጅበታል። ጥቂት ሚሊዮን ዓመት ብቻ ስለሆናቸው ሕፃናት ናቸው አለኝ፤ ሳቅኩበት። በዓመታት ልዩነት ሁለት ፎቶ ተነሥተው መንቀሳቀሳቸው ይለካል፤ ያ መንገድ ወደ ኋላ ሲቆጠር ማን ከማን ጋር እንደተወለደ፣ ማንስ ከቤቱ እንደወጣ ይታወቃል። ይህን ሲያወራ ፊቱ የሚሆነውን አሁንም አየዋለሁ። ያን ፊት ከዚያ ወዲያ አላየሁትም።

የእነዚያ ከዋክብት ዝርዝር ያለበትን ወረቀት ያዋሰው ወደ አገሩ ሊመለስ የተቃረበ ፈረንጅ አስተማሪ ነው። ሦስት ሳምንት ብቻ ሰጠው። ፎቶ ኮፒ ማንሻ ያኔ በየጥጉ አልነበረም፣ ያለውም የተበላሸ ነው፤ ስለዚህ በእጅ መገልበጥ ነበረበት። ደረጀ ወረቀቱን ይዞ ናዝሬት መጣ። እኔ ከሥራ ስመለስ፣ እሑድ ደግሞ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ጓሮ ካለው የፓፓያ ዛፍ ሥር ጠረጴዛ አውጥተን አንዳችን እናነባለን፣ አንዳችን እንጽፋለን። እጁ ሲዝል እኔ እጽፋለሁ፣ ዓይኑ ሲደክም እኔ አነባለሁ። የመጀመሪያው ፎቶ ቀን ለሁሉም አንድ ስለነበር ከገጹ ራስ ላይ ተጽፏል። የሁለተኛው ፎቶ ቀን ግን ለየኮከቡ ይለያያል፤ በየመስመሩ ቀን፣ ወር፣ ዓመት ይነበባል። ሙቀቱ የሚያፈዝ ነበር፤ እኔ አነባለሁ፣ እሱ ቀና ሳይል ይጽፋል። ደብተሩ ግማሹ በእሱ እጅ፣ ግማሹ በእኔ እጅ ተጽፎ አለቀ። ወረቀቱም ከባለቤቱ ጋር አገሩ ሄደ።

ከጥቂት ወራት በኋላ ደረጀ ሶደሬ ወሰደኝ። ከፍልውኃው መልስ ከዛፍ ሥር ተቀምጠን ዝንጀሮ ሙዜን ከእጄ ነጥቃኝ እየተሳደብኩ ሳለ "እትዬ፣ ግማሾቹ ይሸሻሉ" አለኝ። የዚያ ጭጋግ ልጆች ከሆኑት ውስጥ ብዙዎቹ ከሌሎቹ ሦስት እጥፍ ይፈጥናሉ፣ የሆነ ነገር ከተወለዱበት አባሯቸዋል፣ ምን እንደሆነ ካገኘሁ ስሜ ይጠራል አለ። ስሙ በእርግጥ ተጠራ።

መመረቂያ ጽሑፉን ሊከላከል በቀረበበት ቀን አንዱ ፈታኝ ሌላ ዝርዝር አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። ከደረጀ ከዋክብት አንዳንዶቹ እዚያም ተለክተዋል፤ እዚያ አይሸሹም። ከዚያ ደብተሩን ጠየቁት። ሲያገላብጡት የሚሸሹት ሁሉ በእሱ እጅ የተጻፉት ናቸው፤ በእኔ እጅ የተጻፈው አንዱም አይሸሽም። "እህትህ የጻፈችው ልክ ነው። አንተ የጻፍከው ብቻ ነው የሚሮጠው" አሉት። ዋናው ወረቀት የለም፤ ለፈረንጁ የተጻፈለት ደብዳቤ መልስ አልመጣም። ደብተሩን አስቀርተው ሁለት ሳምንት ሰጡት፤ እንዴት እንደሆነ ካስረዳ ያርማል፣ ካላስረዳ ሐሰተኛ ማስረጃ ፈጥሯል ተብሎ ይባረራል።

ናዝሬት ሲደርስ ከሰል መስሎ ነበር። ምሳ አቅርቤለት አልነካውም። "እትዬ፣ አትቆጪኝና አንድ ነገር ልጠይቅሽ" አለኝ። "ስታነቢልኝ ቀኑን ሳታስቢው ወደ እኛ ቀይረሽው ይሆን እንዴ? ከፎቶ ፎቶ ያለው አሥራ ሁለት ዓመት፣ የሁለተኛው ቀን ብቻ በእኛ ከተጻፈ ስምንት ጎድሎ አራት ይሆናል፤ ሦስት እጥፍ መፍጠናቸው በዚያ ነው። እኔ የሰማሁትን የጻፍኩ ነው የሚመስለኝ።"

ደሜ ፈላ። ያን ጊዜ የመለስኩለትን ቃል ሳልቀንስ እጽፈዋለሁ። "አሥራ ስምንት ዓመት መዝገብ ይዤ አንድ ቀን ተሳስቼ የማላውቀውን ሴትዮ ነው ቀን አታውቂም የምትለኝ? የራስህን ጉድ በእኔ ልታላክክ ነው የመጣኸው?"

"እንደሱ አላልኩም።"

"ብለሃል።"

"እሺ፣ ይቅር። እንዴት እንዳነበብሽ ብቻ ጽፈሽ ስጪኝ። ያልሽውን ይዤ እሄዳለሁ።"

በማግስቱ በቢሮው የጽሕፈት መኪና ጻፍኩለት። ለሚመለከተው ሁሉ፤ በተጠቀሰው ሥራ ላይ ባነበብኩበት ጊዜ ሁሉ ከወረቀቱ ላይ ያለውን ቃል በቃል ያነበብኩ መሆኔን አረጋግጣለሁ። ፈረምኩበት። ደረጀ አነበበውና አጣጥፎ ኪሱ ከተተው፤ "አመሰግናለሁ፣ እትዬ" ብሎኝ አዲስ አበባ ሄደ። ያኔ የጻፍኩትን አምኜ ነበር። ይህን የምለው ራሴን ነጻ ለማውጣት አይደለም፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ስትሰሙ ለዚያ እንደማይበቃ ታያላችሁ።

በአምስተኛው ቀን ቢሮ ተቀምጠን አዲስ ከተቀጠረች የሥራ ባልደረባዬ ጋር የውጭ ደብዳቤ እንመዘግባለን። እኔ ከደብዳቤው ላይ አነባለሁ፣ እሷ የተቀበልናቸውን ዝርዝር ትሞላለች። የፈረንጁን ቀን ለብቻው የምታሰፍርበት ዓምድ ላይ ደርሳ ነበር። "ቀን ሦስት፣ ወር ሰባት" አልኳት። አንገቷን ሰገግ አድርጋ ወረቀቱን አየችና "እትዬ ጥሩወርቅ፣ እዚህ ላይ የሚለው አሥራ ሁለት፣ ሦስት ነው" አለችኝ። ማርች አሥራ ሁለት ነበር። መጋቢት ሦስት። ዓይኔ ያየው ሌላ፣ አፌ ያለው ሌላ ነበር፤ ስለው ደግሞ ራሴን አልሰማሁትም። የፓፓያው ጥላ፣ የደረጀ ያቀረቀረ ራስ፣ ድምፄ፣ ሁሉም መጣብኝ። ስንት መስመር እንዲህ እንዳነበብኩ እግዜር ይወቀው።

ሁለት ሳምንቱ ሊያልቅ ዘጠኝ ቀን ቀርቶት ነበር። የአዲስ አበባ አውቶቡስ በየሰዓቱ ይወጣል፣ ከቤቴ እስከ መናኸሪያው በጋሪ ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ነገ እሄዳለሁ አልኩ። ነገ ሲመጣ የሩብ ዓመት ሒሳብ መዝጊያ ነው፣ ሥራ በዝቷል አልኩ። ከዚያ ወዲያ ምክንያት መፈለጉንም ተውኩት። እውነቱን ልናገር፤ ፈራሁ። የፈረምኩት ወረቀት ውሸት ሊባል ነው፤ የሒሳብ ክፍል ወንዶች በመስኮት ብቅ ብለው ሊስቁ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ያን ሁሉ ከሰደብኩት በኋላ፣ ወንድሜን ዓይኑን እያየሁ ልክ ነበርክ ማለት አቃተኝ። ወጣት ነው፣ ሌላ ነገር አያጣም ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ዘጠኙ ቀን አለቀ።

ደረጀ ተባረረ። ደብተሩን ከስንብት ደብዳቤው ጋር መለሱለት፤ ሳይገልጠው አምጥቶ ለእኔ ሰጠኝና "አስቀምጪው፣ ዓይኔ እንዳያየው" አለኝ። መቂ የአስተማሪነት ሥራ አገኘ። ሽንኩርት ነጋዴ ከሚውልበት መንገድ ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ኖረባት፤ አላገባም። ለገናና ለፋሲካ ይመጣል፣ ይበላል፣ ፈገግ ይላል፣ በጊዜ ይሄዳል። ከዋክብት የሚባል ቃል በቤቴ አልተነሣም። አንድ ጊዜ ዝዋይ ሐይቅ ዳር ዓሣ እየበላን "ደሬ፣ ያኔ ያነበብኩልህ..." ብዬ ጀመርኩ። "ተይው እትዬ፣ ያለፈ ነገር ነው" አለኝ። ተውኩት። ደስ እያለኝ ነው የተውኩት፣ አምላክ ይቅር ይበለኝ። ኋላ መጠጥ ያዘው፣ ጉበቱ ተበላሸ። የታመመ ጊዜ አሥራ አንድ ቀን ራስጌው ተቀምጬ ላቡን ጠረግኩ፣ ትራሱን አስተካከልኩ፣ አንዴም አልተናገርኩም።

ይህን ሁሉ ለሊሴ አታውቅም። ስልኳን አውጥታ ሥዕል ታሳየኛለች። አሁን ጠፈር ላይ የተሰቀለ መነጽር አለ፤ የዚያን ሁሉ ኮከብ ርቀትና አካሄድ ለክቶ ለማንም ክፍት አድርጎታል። የደረጀን ከዋክብት አንድ በአንድ ፈልጋቸዋለች። "ሁሉም እዚያው ናቸው፣ እማማ። አብረው የተወለዱ፣ አብረው የሚሄዱ። አንድም የሸሸ የለም። ቲቸር በጻፏቸው ላይ ቀኑን ወደ ፈረንጅ ስመልሰው ቁጥራቸው ልክ ይመጣል።" አጭር ጽሑፍ ልታወጣ ነው። ቲቸር ሲገለብጡ ሳያስቡት ቀኑን ቀይረው ጽፈዋል፣ የማንም ኢትዮጵያዊ እጅ ሊሠራው የሚችለው ስሕተት ነው፣ ማጭበርበር አይደለም ትላለች።

"ለካ ለዚህ ነው" አለች ደብተሩን እየደባበሰች። "ቲቸር ሰሌዳ ላይ ቀን በእጃቸው አይጽፉም ነበር። ሁልጊዜ እኔን ነበር የሚያስነሡኝ። አንድ ቀን ለምን እንደሆነ ጠየቅኳቸው። 'እጄን አላምነውም' አሉኝ። 'ዱሮ አንድ ነገር ስገለብጥ የሰማሁትን የጻፍኩ ይመስለኝ ነበር። ያነበበችልኝ ግን እህቴ ናት፤ እሷ ቀን አትሳሳትም፣ በፊርማዋም አረጋግጣለች። እንግዲህ እጄ ነው፤ ሳላውቀው የፈጠርኩት እኔ ነኝ' አሉኝ።"

እኔ ሁልጊዜ የማስበው ሌላ ነበር። እንደሚያውቅ፣ አውቆም ለእኔ ሲል ዝም እንዳለ አስብ ነበር፤ በዚያም እጽናና ነበር። እሱ ግን አምኖኛል። ከገዛ ጆሮው ይልቅ የእኔን ፊርማ አምኖ፣ ራሱን አጭበርባሪ አድርጎ ሠላሳ ዓመት ኖረ።

"እሱ አልቀየረውም" አልኳት።

"ምን አሉ?"

"እጁ ልክ ነበር። የሰማውን ነው የጻፈው። ቀኑን የቀየርኩት እኔ ነኝ፣ ሳነብ። ያወቅኩትም ያኔውኑ ነው፤ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው።"

ለሊሴ እጇን ከደብተሩ ላይ አነሣች። ውጭ አንድ ባጃጅ ጡሩንባውን እየነፋ አለፈ። "ለምን አልነገሯቸውም?" አለች በመጨረሻ። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ከቦርሳዋ አንድ ነጭ ወረቀትና እስክሪብቶ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። "ይጻፉት" አለችኝ። "ከጽሑፉ ጋር አያይዘዋለሁ።"

ጻፍኩት። ከላይ ያነበባችሁትን በስምንት መስመር ጻፍኩት፣ በሙሉ ስሜ ፈረምኩበትና ሰጠኋት። ቆማ አነበበችው። ከዚያ መልሳ ፊቴ አስቀመጠችው። "ቀን የለውም" አለችኝ። "ቀኑን ይጻፉበት።"

እስክሪብቶውን አነሣሁ። ጣቶቼ ወረቀቱ ላይ ቆሙ፤ የዛሬውን ቀን በእኛም በእነሱም አውቀዋለሁ። እስክሪብቶውን ዘረጋሁላትና "ቀኑን አንቺ ጻፊው" አልኳት።